መዝገብን በስሙ መጥራት

በአገራችን የፍርድ ቤት ውሳኔዎች መጨረሻ ላይ የማትጠፋ አንዲት አጭር መስመር አለች፦ «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ።» ባለጉዳይ ይቺን መስመር ሰምቶ አያውቅም። ዳኛው ሲያነብ ጆሮው የሚጠብቀው ማን እንደረታ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ደስታው ወይ ንዴቱ ይውጠዋል። ከአሥር ወይ ከሃያ ዓመት በኋላ ልጁ ወረታ ፍርድ ቤት ድረስ መጥቶ የሚፈልገው ግን ይቺው መስመር ወደ መደርደሪያ የሸኘችው ወረቀት ነው።

ወረታ ባለችበት በፎገራ ወረዳ ይህ ፍለጋ የራሱ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ጭቃ ነው። ሜዳው ርብና ጉማራ እየሞሉ የሚያጥለቀልቁት፣ ጣና ዳር የሚያልቅ ለጥ ያለ መሬት ነው። ክረምት ሲገባ ውኃ ይተኛበታል። ድሮ ይህ መሬት የሚታወቀው በከብቱ ነበር፤ ረግረጉ በጋ ላይ ሲደርቅ የፎገራ ላም ትግጥበታለች እንጂ ድንበሩን በጥርብ ድንጋይ የሚያስከብረው አልነበረም። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ አስተዋወቁ። ዛሬም በገበሬው እጅ ያለው አንዱ ዝርያ «ኤክስ ጅግና» ይባላል። ሩዙ ሲለምድ ነገሩ ተገለበጠ፤ ውኃ የሚተኛበት መሬት የተናቀ መሆኑ ቀርቶ የተፈለገ ሆነ። ዋጋ ያወጣ መሬት ደግሞ ባለቤቱ ይበዛል። «አባቴ ለጊዜው ያስጠጋው ሰው ነው»፣ «በእኩል እንዲያርስልን የሰጠነው ነው»፣ «እህቴ ስታገባ ይዛው የሄደችው ነው» የሚሉ ክርክሮች መጡ። በክልሉ ብዙ አካባቢዎች የ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ነበረ፤ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የይዞታ ደብተር መሰጠት ጀመረ። እያንዳንዱ እርምጃ ክርክር፣ እያንዳንዱ ክርክር መዝገብ ትቶ አልፏል።

እና አንድ ቀን ጠዋት አንድ አባት ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በትራቸውን ይዘው መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ይቆማሉ።

«አባባ፣ መዝገብ ቁጥሩን ይዘዋል?»

«ቁጥሩን ምን አውቄው የኔ ልጅ! የሻጋው መሬት ነው እንጂ፤ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል።»

አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ መዝገብ ቤቱ ግን አያውቀውም። ባለጉዳይና መዝገብ ቤት ሳይገናኙ የሚቀሩት አብዛኛውን ጊዜ እዚች ላይ ነው። ሰው ጉዳዩን የሚጠራው በመሬቱ፣ በበደሉ፣ በሟቹ አባት ስም ነው። መዝገብ ቤት ጉዳዩን የሚጠራው በቁጥር፣ በዓመት፣ በከሳሽና በተከሳሽ ስም ነው። ሠራተኛዋ ክፉ ሆና አይደለም፤ ከበስተጀርባዋ ባለው መደርደሪያ ላይ «የሻጋው መሬት» ተብሎ የተጻፈበት ማኅደር የለም።

ስለዚህ ፍለጋው የሚጀምረው ፍርድ ቤት አይደለም፤ ቤት ነው። በኛ አገር ወረቀት የሚቀመጥበት ቦታ ይታወቃል፦ ሳጥን ሥር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ከጣሪያው ማገር ሥር ተሰክቶ፣ አንዳንዴም ከዳዊት ቅጠሎች መካከል። የሚፈለገው ደግሞ የግድ ውሳኔው አይደለም። አንዲት የተቀደደች መጥሪያ ትበቃለች፤ በላይዋ ላይ ቁጥር አለ። ዳኝነት የተከፈለበት ደረሰኝ፣ ለፖሊስ የተጻፈ ትዕዛዝ፣ ቀጠሮ የተጻፈባት ብጣሽ፣ ሁሉም ቁጥሩን ይዘዋል። ወረቀት ከሌለ ሰው ይጠየቃል፤ በተለይም የረታው ወገን። የተረታ ሰው ወረቀቱን ይጥላል፣ የረታ ግን እንደ ታቦት ያስቀምጠዋል። ከባላጋራ ቤት ቁጥር መጠየቅ የሚከብድ ቢሆንም በሽማግሌ በኩል ይሆናል። ባይሆን ራፖር ጸሐፊውን ይጠይቁ፤ በፍርድ ቤት በር ላይ ለረዥም ዓመት የተቀመጠ ጸሐፊ የጻፈውን ማመልከቻ ባያስታውስ እንኳ ያስጻፈውን ሰው አይረሳም።

ቁጥር ከተገኘ በኋላም አንድ ነገር ይጣራል። የድሮ መዝገቦች ብዙ ጊዜ ቁጥራቸው ከዓመቱ ጋር ነው የሚጻፈው፤ 231/85 ማለት በዚያ ዓመት የተከፈተ 231ኛ መዝገብ ነው። ዓመቱ ሲቀየር ቁጥሩ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ዓመቱን ትቶ «231 ነው» ብሎ የሚመጣ ሰው በየዓመቱ አንድ አንድ 231 እንዳለ አላሰበም። ሌላው፣ መዝገቡ የተከፈተበት ዓመትና ውሳኔ የተሰጠበት ዓመት አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፤ መሬት ክርክር ላይ ደግሞ አንድ ሆነው መገኘታቸው ነው የሚያስገርመው።

ቁጥር ጨርሶ ከጠፋ የሚቀረው ስም ነው፤ እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ስም ጠባዩን ያሳያል። የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም አለን። ክርስቲያኑ የክርስትና ስም አለው፣ እናቱ ያወጣችለት አለ፣ ሰፈር የሚጠራው ሌላ ነው። ክሱን የጻፈው ሰው የትኛውን እንደመረጠ ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚያ ፊደሉ አለ፦ ኃይሉ በ«ኃ» ነው በ«ሀ»? ዓለሙ በ«ዓ» ነው በ«አ»? በኮምፒውተር የተመዘገበ ስም ሲፈለግ አንዷ ፊደል ስታሳስት «የለም» የሚል መልስ ይመጣል፤ መዝገቡ ግን አለ። ሠራተኛዋ ሁሉንም አጻጻፍ እንድትሞክር መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሁሉ የሚያደርገው ነው።

ከስሙ በላይ የሚያሳስት ደግሞ ወገኑ ነው። መዝገቡ የሚመዘገበው ከሳሽ ቀድሞ፣ ተከሳሽ ተከትሎ ነው። አባትዎ ተከሰው ከነበረ በእሳቸው ስም ሲፈልጉ ቢውሉ ላያገኙት ይችላሉ፤ የከሰሳቸው ማን ነበር? ይግባኝ ሲባል ደግሞ ወንበሩ ይዟዟራል። ወረዳ ላይ ተከሳሽ የነበረው ሰው ተረትቶ ይግባኝ ካለ ዞን ላይ «ይግባኝ ባይ» ሆኖ ስሙ ፊት ይመጣል፤ የረታው ከሳሽ «መልስ ሰጪ» ይሆናል። ሰበር ላይ «አመልካች» እና «ተጠሪ» ይባላሉ። አንዱ ጉዳይ ሦስት ቦታ፣ ሦስት ቁጥር፣ ሦስት ዓይነት ማዕረግ አለው ማለት ነው። የወንጀል መዝገብ ከሆነ ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ስለሆነ የመጀመሪያው ስም ለፍለጋ አይረባም፤ በተከሳሹ ስም ነው የሚሄዱት።

ከዚያ ደግሞ መዝገቡ ራሱ መንገደኛ ነው። የፎገራ ወረዳ ፍርድ ቤት ወረታ ነው ያለው። ይግባኝ ወደ ደቡብ ጎንደር ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲባል ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲባል ወደ ባሕር ዳር ነው። የበላይ ፍርድ ቤት «የሥር ፍርድ ቤት መዝገብ ይቅረብ» ብሎ ካዘዘ ዋናው ማኅደር ከወረታ ወጥቶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገቱን ወጥቶ ደብረ ታቦር ይደርሳል። ሲጨርሱ «የሥር ፍርድ ቤት መዝገብ በመጣበት ሁኔታ ይመለስ» ይባላል። ካልተመለሰ? ወረታ ላይ «የለም» ይባላሉ፤ እውነትም የለም። «የለም» ሲባሉ ወዲያው መመለስ የለብዎትም፤ ቀጣዩ ጥያቄ «በስንት ቁጥር ደብዳቤ፣ ለማን ተላከ?» የሚል ነው። የላኩበት ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ካለ መዝገቡ አልጠፋም፤ ሰው ቤት ነው ያለው።

የድሮዎቹን በተመለከተ፣ በንጉሡም በደርግም ጊዜ የአውራጃ ፍርድ ቤት የሚባል እርከን ነበር። ዛሬ አውራጃው የለም። በዚያ ዘመን የተወሰነ ጉዳይ መዝገቡ በየትኛው ፍርድ ቤት እጅ እንደቀረ ለማወቅ የዛሬውን የወረዳ ካርታ ትቶ የዚያን ጊዜውን ማሰብ ይጠይቃል። ከዚያም ወደኋላ ከሄዱ መዝገብ ቤቱ ቤተ ክርስቲያን ይሆናል። በጎንደር ዘመን የመሬት ስጦታና ሽያጭ በወንጌሉና በሌላው የብራና መጽሐፍ ኅዳግ ላይ፣ ከእማኞቹ ስም ጋር ይጻፍ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን በዚህ ዓይነት ሰነድ ይታወቃል። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ ስለ ጎንደር መሬት የጻፈው በእነዚህ ኅዳጎች ላይ ተመሥርቶ ነው። የመዝገብ ቁጥር አልነበራቸውም፤ የታቦት ስም ነበራቸው።

አሁን ወደ መብቱ እንምጣ። መዝገቡ ተገኘ እንበል፤ ማን ነው ሊያየው የሚችል?

ችሎት ክፍት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጉዳይ በግልጽ ችሎት እንዲሰማ ይላል፤ ለተከራካሪዎች የግል ሕይወት፣ ለሕዝብ ሞራልና ለአገር ደኅንነት ሲባል ብቻ በዝግ ሊሆን ይችላል። ማንም ሰው ወረታ ችሎት ገብቶ ኋላ ወንበር ላይ ቢቀመጥ የሚያስወጣው የለም። ነገር ግን ችሎቱ ክፍት ነው ማለት መደርደሪያው ክፍት ነው ማለት አይደለም። በተግባር ግልባጭ ያለ ብዙ ጥያቄ የሚሰጠው ተከራካሪ ለነበረ ሰው፣ ለጠበቃው ወይም ውክልና ለያዘ፣ ተከራካሪው ከሞተ ደግሞ ወራሽነቱን ላረጋገጠ ነው። ሦስተኛ ወገን ምን እንዳገባው ማሳየት ይጠበቅበታል፤ ማመልከቻውም ለዳኛ ይቀርብና ይፈቀዳል ወይም አይፈቀድም። የሕጻናት ጉዳይና የአስገድዶ መድፈር ክስ ሲሆን በሩ ይበልጥ ይጠብባል፤ መጥበብም አለበት።

ይህን ከሌላው ዓለም ጋር ስናነጻጽረው ደንገጥ የሚያደርግ ልዩነት እናገኛለን። አሜሪካ ውስጥ እኛ ወረዳ ከምንለው ጋር በግምት የሚቀራረብ «ካውንቲ» የሚባል አስተዳደር አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የፎገራ ልጅ፣ ቤት ያከራየው ሰው ተከሶ ያውቅ እንደሆነ ማወቅ ቢፈልግ የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ ላይ ስም ጽፎ በነፃ ይፈልጋል፤ ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደፈለገ የሚጠይቀው የለም። ያው ልጅ የሟች አባቱን የወራሽነት መዝገብ ከወረታ ለማውጣት ዋሽንግተን ኤምባሲ ሄዶ ውክልና ይሰጣል፤ ውክልናው አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ ከዚያ ወንድሙ ይዞት መስኮቱ ላይ ይቆማል። የአሜሪካው ይሻላል ለማለት ግን አልቸኩልም። እዚያ የአንድ ክፉ ዓመት የቤት ኪራይ ክስ ለዓመታት በስምህ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ቀጣሪውም አከራዩም ሲያነበው ይኖራል። ፈረንሳዮች በበኩላቸው ውሳኔዎቻቸውን በይነ መረብ ላይ ሲያወጡ የተከራካሪዎቹን ስም ይሰርዛሉ። የኛ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ውሳኔዎችን በቅጽ እያሳተመ ሲያወጣ ስም አይሰርዝም። ከአዋጅ 454/1997 ወዲህ የሰበር ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን አስገዳጅ ስለሆነ እነዚህ ቅጾች ማንም ሊያነባቸው ይገባል፤ ዳኛ ፊት የሚጠቀሱትም በመዝገብ ቁጥራቸው ነው። የሕፃን አሳዳጊነትን የተመለከተውን 23632 ጠበቆች እንደ ሰው ስም ነው የሚጠሩት። መዝገብ ቁጥሩ ስሙ ሲሆን ይህን ይመስላል።

መስኮቱ ላይ እንቢ የተባለ ሰው መረጃ የማግኘት መብትን የሚደነግገውን አዋጅ 590/2000ን ማወቁ አይከፋም። የመንግሥት አካል ለቀረበለት የመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል፤ ቅሬታ ያለው ሰው ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል። እኔ ግን በፍርድ ቤት መዝገብ ጉዳይ አዋጅ መጥቀስ የመጨረሻ እርምጃ ቢሆን እመርጣለሁ። መጀመሪያ የተፈለገው ምን እንደሆነ በትክክል ተጽፎ ይቅረብ፤ ብዙ እንቢታ የሚመጣው ከማመልከቻው ድፍንነት ነው። ማመልከቻው ከዚህ መብለጥ የለበትም፦

ለፎገራ ወረዳ ፍርድ ቤት
ወረታ
አመልካች፦ (ስም ከነአያት፣ ቀበሌ)
ጉዳዩ፦ የውሳኔ ግልባጭ ስለመጠየቅ
በመዝገብ ቁጥር … ከሳሽ … እና ተከሳሽ … ሲከራከሩ ቆይተው በ… ቀን … ዓ.ም. ውሳኔ ተሰጥቷል። እኔ የ… ወራሽ ስለሆንኩ፣ ለዚህም የወራሽነት ማስረጃዬን አያይዣለሁ፣ የውሳኔው ሙሉ ግልባጭ በማኅተም ተረጋግጦ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።
ያቀረብኩት እውነት መሆኑን በፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ 92 መሠረት አረጋግጣለሁ።

«ሙሉ ግልባጭ» የምትለዋ ቃል ትኑር። ፍርድ አለ፣ ትዕዛዝ አለ፣ የምስክር ቃል አለ፣ የክስና የመልስ ማመልከቻ አለ፤ ሁሉም በአንድ ማኅደር ውስጥ ናቸው። ይግባኝ ለማለት የሚያስፈልገው ፍርዱ ነው። ድንበሩ የት እንደሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ግን ፍርዱን ብቻ ወስዶ ቢሄድ ያጣዋል፤ «በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን ቦይ» ተብሎ አዋሳኙ የተዘረዘረው አብዛኛውን ጊዜ ክሱ ላይ ነው። የቦታ ማጣራት ተደርጎ ከነበረ ደግሞ ከመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የመጣው ሪፖርት እዚያው ተያይዟል። ክርክሩ ያለቀው በቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ብቻ ከሆነ፣ ፍርድ ቤት መዝገብ የለውም፤ ወደ መሬት ጽሕፈት ቤት መሄድ ነው።

ጊዜው ደግሞ ምሕረት የለውም። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ የሚባለው ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው፤ ለፌዴራል ሰበር 90 ቀን አለ። ወንጀል ላይ አቆጣጠሩ ይለያል፦ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለቱን ያስታውቃል፣ ማመልከቻውን ግን ግልባጩ በእጁ ከገባ በ30 ቀን ያቀርባል። ፍትሐ ብሔር ላይ «ግልባጭ ዘገየብኝ» የሚል ሰው ማስረጃ ከሌለው የሚሰማው የለም። ስለዚህ ግልባጭ የሚጠየቀው ውሳኔው በተነበበ ዕለት፣ በጽሑፍ ነው፤ ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይሁን፣ በሁለተኛው ላይ የተቀበሉበት ቀን ይጻፍበት። የተፈረደለት ሰውም አይተኛ፤ ፍርዱን ሳያስፈጽም 10 ዓመት ካለፈው አፈጻጸም አይከፈትለትም። ክርክሩ ላይ ያልነበረ፣ መብቱ ግን የተነካበት ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 358 ተቃውሞ ሊያቀርብ የሚችለው ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት ነው። ውጭ አገር ያለች እህት መሬቷ ላይ እንደተፈረደ የሰማች ቀን መጀመሪያ የምትጠይቀው ጠበቃ ሳይሆን የመዝገብ ቁጥር መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ግልባጩን ለማውጣት አቅም ያጣ፣ ወይም መዝገቡ ሌላ ፍርድ ቤት የሆነበት ተከራካሪ አንድ ቀላል መንገድ አለው፤ ብዙ ሰው አይጠቀምበትም። በዚያው ሕግ ቁጥር 145 መሠረት አሁን ጉዳዩን የያዘውን ፍርድ ቤት «ያኛው መዝገብ ይቅረብልኝ» ብሎ ማመልከት ይቻላል። ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲጽፍ መስኮቱ ላይ የሚደረገው ክርክር ይቀራል። በተለይ «ይህ ጉዳይ አንድ ጊዜ ተፈርዶበታል» ብሎ በቁጥር 5 የሚከራከር ሰው የድሮውን መዝገብ ሳያስቀርብ ቃሉ ብቻውን አያስኬደውም።

መዝገቡ በእርግጥ የጠፋ ከሆነስ? ይጠፋል። ምስጥ ይበላዋል፣ ዝናብ ይገባበታል፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በወሎ የመንግሥት ቢሮዎች ወረቀት ሲበተንና ሲቃጠል አይተናል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በዘለቀው ግጭትም ሥራቸው የተቋረጠባቸው ወረዳዎች አሉ፤ ከመነሳት በፊት ፍርድ ቤቱ መከፈቱን ስልክ ደውሎ መጠየቅ ግድ ሆኗል። እንዲህ ሲሆን የአንድ ጉዳይ ሦስት ቁጥር መኖሩ ያስመሰግናል። ወረታ ያለው ቢጠፋ ይግባኝ የተባለበት የደብረ ታቦሩ መዝገብ ውስጥ የሥር ፍርዱ ግልባጭ ተያይዟል። ወንጀል ከሆነ ዐቃቤ ሕግና ፖሊስ የየራሳቸው ፋይል አላቸው። ፍርዱ የተፈጸመ ከሆነ የአፈጻጸም መዝገቡ የተለየ ቁጥር ይዞ ለብቻው ተቀምጧል፤ በውስጡም ያ ፍርድ አለ። የመጨረሻው ደግሞ ያ የረታው ባላጋራ ነው።

አንድ ስህተት ሠርቼ የተማርኩት ይኸውና። በአንድ ፍርድ ቤት፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ለዘመድ ስምንት ገጽ ግልባጭ ተቀብዬ በደስታ ወጣሁ። ነሐሴ ሊገባ ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ፍርድ ቤቶች ለክረምት እረፍት ሊዘጉ ነው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ መስኮት ላይ የተቀመጠው ልጅ ወረቀቱን በአውራ ጣቱ ገለጥ ገለጥ አድርጎ «ጋሼ፣ አምስተኛው ገጽ የለም፤ ሰባተኛው ደግሞ ማኅተም የለውም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ሥር ቆሜ፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ቢያጉረመርምም፣ ገጹን ከአንድ ጀምሬ እቆጥራለሁ። ማኅተሙን በየገጹ አያለሁ፤ በግልባጩ ላይ ያለው ቀን ከዋናው ጋር መግጠሙን፣ የዳኛው ስም መኖሩን፣ የከሳሹ ስም በትክክል መጻፉን አያለሁ። ከዚያ በፌስታል ጠቅልዬ ብብቴ ሥር አደርገውና መኪና ተራ እሄዳለሁ፤ ክረምት ላይ የፎገራ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ነው የሚወርደው።